ጸጋ ከሆነ ታዲያ ደብተሬን ምን ላድርገው?

ባለደብተሯ
ሰላም ለዚህ ቤት። ብዙ ጊዜ አንባቢ እንጂ ጸሐፊ አይደለሁም። ዛሬ ግን ሆዴ ሞልቶ ነው የመጣሁት።

ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ደብተር ይዣለሁ። አንዱ ሲያልቅ ሌላ እየተካሁ፣ አሁን አራተኛው ላይ ነኝ። አምድ አስምሬ፣ ከላይ ጸሎት፣ ንባብ፣ ቁጣ፣ ሐሜት፣ ውሸት፣ ምጽዋት ብዬ ጽፌ፣ ማታ ከመተኛቴ በፊት ለተወጣሁት ራይት፣ ለጎደለው ኤክስ አደርጋለሁ። ኤክስ ከበዛ በማግስቱ ጸሎቱን እጥፍ አደርገዋለሁ። ቅጣት መሆኑ ነው።

ባለፈው ሳምንት ታመምኩ። ትኩሳቱ ሲበረታብኝ እንቅልፍ ይዞኝ ሄደ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ባነንኩ። መጀመሪያ የመጣልኝ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ውኃ አይደለም፣ መድኃኒት አይደለም። ደብተሩ! በሞባይል ብርሃን ፈልጌ፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ ስድስቱንም ኤክስ አድርጌ አለቀስኩ። ከዚያ አንድ ነገር ከነከነኝ። ያለቀስኩት እግዚአብሔርን አሳዘንኩ ብዬ አልነበረም። ገጹ ስለተበላሸብኝ ነው።

በጸጋ እንደዳንን አውቃለሁ። ኤፌሶን 2፥8ን በቃሌ እወጣዋለሁ። የጨነቀኝ የሰኞ ጠዋቱ ነው። በጸጋ የሚኖር ሰው ሲነጋ ምን ያደርጋል? ደብተሩን ብተወው ምን ይይዘኛል? ራሴን ስለማውቃት እፈራለሁ።

ቀጥታ_መንገድ
እህቴ፣ ደብተሩን ጣዪው። ነገ አትበዪ።

ጳውሎስ ለአብያተ ክርስቲያናት ሲጽፍ ከሰላምታው ቀጥሎ ወይ ያመሰግናል ወይ ይባርካል። ለቆሮንቶስ ሰዎች እንኳ፣ ያን ሁሉ ጉድ ተሸክመው፣ አመስግኖ ነው የጀመረው። ገላትያ ላይ ሲደርስ ግን ምስጋና የሚባል ነገር የለም፤ "እንዴት እንዲህ ቶሎ ዞራችሁ" ብሎ ይገባባቸዋል። ገላትያዎቹ ዝሙት ላይ አልተያዙም፣ አልሰከሩም። ያደረጉት ክርስቶስ ላይ ጭማሪ መፈለግ ነው። ካልተገዘራችሁ፣ ሕገ ሙሴን ካልጠበቃችሁ አይሞላላችሁም የሚሉ ሰዎች ገብተውባቸው ነበር። ጳውሎስ በዚህ ጉዳይ ለጴጥሮስም አልተመለሰም። ጴጥሮስ አንጾኪያ ላይ ከአሕዛብ ጋር በአንድ ማዕድ ሲበላ ከርሞ፣ ከያዕቆብ ዘንድ ሰዎች ሲመጡ ገሸሽ አለ፤ ጳውሎስ በሰው ፊት ተቃወመው።

ከዚያ ነው "ጽድቅስ በሕግ በኩል ከሆነ እንኪያስ ክርስቶስ በከንቱ ሞተ" ያለው። አንቺ በኤክስና በራይት የምትሞዪው ጉድጓድ ካለ፣ እሱ ምን ሊሞላ መጣ?

ዳኛው
ረጋ በሉ እንጂ። "ጣዪው" ማለት ለተናጋሪው ይቀላል።

ጸጋ ጸጋ ሲሉ ውለው ማታ ያሰኛቸውን የሚያደርጉ ሰዎች አይቻለሁ፤ ጥቂት አይደሉም። ኢየሱስ ራሱ "ልፈጽም እንጂ ለመሻር አልመጣሁም" ብሏል። የተራራውን ስብከት አንብቡት፤ አንድም የቀለለ ነገር የለም። አትግደል የነበረው ቁጣ ድረስ ወረደ፣ አታመንዝር የነበረው ዓይን ድረስ ሄደ። ያዕቆብ ደግሞ ሥራ የሌለው እምነት የሞተ ነው ይላል። በጸጋ ብቻ እንድናለን ያለው የተሐድሶው መሪ ሉተር በ1522 ለአዲስ ኪዳን ትርጉሙ በጻፈው መቅድም የያዕቆብን መልእክት "የገለባ መልእክት" እስከማለት ደርሶ ነበር። ያው ሉተር ግን የገዛ ጓደኛው አግሪኮላ ለክርስቲያን ሕግ መስበክ አያስፈልግም ባለ ጊዜ ከ1537 ጀምሮ ተነሥቶ ተሟገተው። ፀረ-ሕግ የሚለውን ስም ያወጣላቸውም እሱ ነው። የጸጋው ሰው ራሱ፣ ልብ በሉ።

እህቴ፣ ደብተሩ ቢያስጨንቅሽም ስድስት ዓመት ጸልየሻል። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ምርኩዝ ከሚያነክስ ሰው እጅ አይነጠቅም።

የተበላሁት
ዳኛው እጅህን ይባርከው።

የኔን ልንገራችሁ። አብሮኝ የሚያመልክ ሰው ጋር ሽርክና ገባሁ። እኔ ገንዘቡን፣ እሱ ጉልበቱን። በ11ኛው ወር ገንዘቡም ሥራውም እሱ ጋ ቀረ። ሽማግሌዎች ዘንድ ሄድኩ። ሰውየው አለቀሰ። በደንብ ነው ያለቀሰው፣ መሐረብ ሁሉ ሰጡት። "ጌታ ይቅር ብሎኛል፣ አንተም በጸጋ ተቀበለው" አለኝ። የተሰበሰቡት በሙሉ አሜን አሉ። ገንዘቡ የት አለ ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው የለም። እኔ የጠየቅኩ ለት ደግሞ ሕግ አጥባቂ፣ ቂመኛ የሚል ስም ወጣልኝ። በዚያ ዓመት ልጆቼን ከትምህርት ቤታቸው አስወጥቻለሁ።

እና ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ጸጋ የሚል ቃል ስሰማ ጥርሴ ይፋጫል።

አላነበብኩም_ግን
ሁሉንም አላነበብኩትም። ግን "ሐሜት" የሚል አምድ ያለው ደብተር ከሆነ ለኔ አንድ ገጽ ለምሳ ሰዓትም አይበቃኝ። ሃሃሃ

ፊደል_ቆጣሪ
የተበላሁት ወንድሜ፣ የደረሰብህ ነገር ያማል። ግን "በጸጋ ተቀበለው" ያሉህን ቃል እስኪ አብረን እንየው።

በአማርኛችን ሀብታም ሰው ባለጸጋ ይባላል። የተፈጥሮ ጸጋ እንላለን፣ ያልዘራነውን ያልደከምንበትን ሀብት። እዚህ ድረስ ከመጽሐፉ ጋር ይገጥማል፤ ጸጋ ሰጪው ያለው፣ ተቀባዩ ያልለፋበት ነገር ነው። የግሪኩ ካሪስ ደግሞ ካራ ከሚለው ቃል ጋር ዘመድ ነው፤ ካራ ደስታ ማለት ነው። በሌላ በኩል ግን አንድ ሰው ሲሸነፍ "ሽንፈቱን በጸጋ ተቀበለ" እንላለን፤ አፉን ይዞ ዋጠው ለማለት። አንተን ያዋጡህ ይሄንን ነው። ቃሉን ከመጽሐፍ ወስደው ትርጉሙን ከመንገድ አመጡለት።

ቀራጩን ዘኬዎስን አስታውስ። ሰው አታሎ የወሰደ ሰው በኦሪት ዘሌዋውያን 6፥5 ሕግ ዋናውን መልሶ አምስተኛ እጅ ይጨምራል። መቶ የወሰደ መቶ ሃያ ይመልሳል፣ አለቀ። ዘኬዎስ ግን አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ፤ መቶው አራት መቶ ሆነ። የሀብቱንም እኩሌታ ለድሆች። ማን አዘዘው? ማንም። ኢየሱስ ያለው "ቤትህ ልውል ነው፣ ውረድ" ብቻ ነው። ስለ ገንዘብ አንዲት ቃል አልወጣውም። ያ ሸሪክህ ጸጋ ገብቶት ቢሆን ኖሮ ብርህ ሳትጠይቀው በርህ ላይ ይቆም ነበር። እንባው የጸጋ ምልክት አልነበረም፤ የመሐረብ ወጪ ነው።

ለባለደብተሯ ደግሞ ሁለት ነገር። ገላትያ 3፥24 ሕግን ሞግዚት ይለዋል። ግሪኩ ፓይዳጎጎስ ነው። ያ ሰው አስተማሪ አልነበረም፤ ልጁን ወደ አስተማሪው የሚያደርስ፣ መንገድ ላይ እንዳይባልግ የሚቆጣ የቤት ባሪያ ነው። ደብተርሽ ሞግዚት ሆኖሻል። ሞግዚት አይሰደብም። ግን ትልቅ ሴት ሞግዚቷ እጇን ይዟት ስትሄድ አስቢው።

ሁለተኛው፣ ብሉይ ኪዳን ሕግ፣ አዲስ ኪዳን ጸጋ የሚለው ክፍፍል አይመቸኝም። አሥሩ ትእዛዛት በትእዛዝ አይጀምሩም። "ከግብፅ ምድር ከባርነት ቤት ያወጣሁህ እግዚአብሔር አምላክህ እኔ ነኝ" ብለው ነው የሚጀምሩት። ጡብ ሲረግጡ ሳሉ መጥቶ አሥሩን ከጠበቃችሁ አወጣችኋለሁ አላላቸውም። አወጣቸው፣ ባሕር አሻገራቸው፣ ከዚያ ነው ሲና ላይ የተነጋገሩት። አንቺ ሲናን ከቀይ ባሕር አስቀድመሽው ነው የደከመሽ።

የተበላሁት
"የመሐረብ ወጪ" አሳቀኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ በዚህ ጉዳይ ሳቅኩ። የዘኬዎስን ታሪክ ልልክለት ነበር፣ ግን ቁጥሬን ብሎክ አድርጎታል።

የሦስት_ልጆች_አባት
እኔ እንደ እናንተ ጥቅስ አልችልም። የቤቴን ላውራ።

ሳሎኔ ግድግዳ ላይ 14 ሕጎች ለጥፌ ነበር። ኮምፒውተር ላይ ጽፌ፣ ፕላስቲክ አስለብሼ። ሰባተኛው "ዕቃ የሰበረ ለአንድ ሳምንት ቴሌቪዥን አያይም" ይላል። አንድ ማታ የመካከለኛውን ልጄን ብርድ ልብስ ላስተካክል ገብቼ ትራሱን ቀና ሳደርግ እጄን አንዳች ነገር ወጋኝ። የብርጭቆ ስብርባሪ። በካልሲ ጠቅልሎ ትራሱ ሥር ከቶ ተኝቶበታል። ስምንት ዓመቱ ነው። አንዱ ስባሪ ካልሲውን ቀድዶ ወጥቷል፤ ከጆሮው አራት ጣት አይርቅም።

እዚያው አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ። ሕጌ ብርጭቆውን አላዳነም። ያተረፍኩት ነገር ቢኖር ልጄ ወደ እኔ ከመምጣት ከስለት ጋር ማደር የሚመርጥ መሆኑ ነው። አዳም ዛፍ መካከል የተደበቀው ታወሰኝ። ልጅ ሆኜ ያ ታሪክ ሲነበብ ሁሌ አዳም ላይ እስቅ ነበር፤ ከእግዚአብሔር የት ሊደበቅ ነው ብዬ።

ሕጎቹን አወረድኳቸው። ቤቱ ፈረሰ ወይ ብትሉ፣ እውነት ለመናገር ሁለት ሳምንት ፈርሷል። ዳኛው ያለው ደረሰ። ጫማ በየቦታው፣ ጩኸት፣ የቤት ሥራ አልሠራ ያለ አለ። ባለቤቴ "መልሰህ ስቀለው" ብላኝ ነበር። ልሰቅለውም ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ትንሿ "አባዬ፣ ሰበርኩ" ብላ ስብርባሪውን በሁለት እጇ ታቅፋ መጣች። እጇን እንዳይቆርጣት ነው የደነገጥኩት፤ የምን ብርጭቆ እንደሆነ እንኳ ዛሬ አላውቀውም። አብረን ጠረግን። መጥረጊያውን እሷ ያዘች።

አሁንም ቤታችን ደንብ አለው። ግድግዳው ላይ ግን የለም።

ዳኛው
የካልሲው ነገር ልቤ ውስጥ ገባ ጋሼ፣ አልዋሽዎትም።

ግን እጄን ገና አልሰጥም። ጸጋ የገባው ሰው ከሕግ አልፎ ይሄዳል ብላችኋል። እሺ። መቼ? ስለ ጸጋ በዓለም ላይ ከሁሉ ይልቅ የታወቀውን መዝሙር የጻፈው ጆን ኒውተን በ1748 መርከቡ ማዕበል ላይ ሳለ ወደ እግዚአብሔር ጮኸ፣ ዳነ። ከዚያስ? የባሪያ ንግዱን ቀጠለ! እንዲያውም ካፒቴን ሆነ። በ1754 ከባሕር የወጣው ጸጸት ይዞት ሳይሆን ሕመም ጥሎት ነው። ያንን ንግድ የሚያወግዝ ጽሑፍ በይፋ ያሳተመው በ1788 ነው። አርባ ዓመት! ከመርከቡ ወለል በታች በሰንሰለት ለታሰረው ሰው የካፒቴኑ ጸጋ እስኪበስል አርባ ዓመት ጠብቅ ይባላል? የእንግሊዝ መርከቦችን ከዚያ ንግድ ያስወጣው በ1807 የወጣ ሕግ ነው። ሕግ፣ ጸጋ አይደለም።

ቀጥታ_መንገድ
ይሄኛው መትቶኛል። ትላንት ሳነበው መልስ አጥቼ ዘግቼው ነው የተኛሁት።

ሁለቱን አደባልቄያቸው ነበር መሰለኝ። ሕግ ለተጎጂው አጥር ነው። የተበላሁት ወንድማችንም ቢሆን ፍርድ ቤት ቢሄድ ከጸጋ ወጣህ የሚለው ሰው እኔ አልሆንም። እኔ የተከራከርኩት ሰው በእግዚአብሔር ፊት በምን ይቆማል በሚለው ላይ ነው። እዚያ ላይ አሁንም ያው ነኝ።

በኒውተን ግን አንድ ነገር ልጨምር። የ1807ቱን ሕግ በፓርላማ ለዓመታት የገፋው ዊልበርፎርስ በ1785 ፖለቲካውን ትቶ ሙሉ በሙሉ ወደ ሃይማኖት ልግባ ወይ ብሎ ሲጨነቅ፣ ለምክር የሄደው ወደዚያው ኒውተን ዘንድ ነው። ኒውተን "እዚያው ሁን" አለው። ሕጉ እንዲሁ ከሰማይ አልወረደም ማለቴ ነው። አርባው ዓመት ግን አዎ፣ ረዝሟል። ለዚያ ሰበብ የለኝም።

የቀድሞ_ቆጣሪ
ባለደብተሯ እህት፣ እኔ ያንቺን መንገድ አልፌበታለሁ፤ ማንም ያልነገረሽን ወጥመድ ልንገርሽ።

ደብተሬን ቀድጄ ጣልኩት። በጣም ደስ አለኝ። ከዚያ ምን ሆንኩ መሰለሽ? ደብተር የሚይዙትን መናቅ ጀመርኩ። ሰዓት ጠብቆ የሚጸልይ ሰው ሳይ "ምስኪን፣ ገና አልገባውም" እላለሁ በልቤ። እኔ ራሴ በሰዓቱ መጸለይ ሲያምረኝ እንኳ ሕግ አጥባቂ እንዳልመስል ብዬ እተወው ነበር። ሳይታወቀኝ አዲስ ሕግ አውጥቻለሁ፤ አንደኛ አንቀጽ፣ ሕግ የሚጠብቅ የተረገመ ይሁን። ያ በሉቃስ 18 ያለው ፈሪሳዊ "እንደ ሌሎች ሰዎች ስላልሆንሁ አመሰግንሃለሁ" ያለው ከኔ በምን ይለያል? እሱ ቢያንስ አሥራት ያወጣ ነበር።

ያዳነኝ የጳውሎስ ግራ የሚያጋባ ነገር ነው። ቲቶ እንዲገረዝ ሲጫኑት አሻፈረኝ አለ፣ ለአንዲት ሰዓት እንኳ አልለቀቅንላቸውም ይላል። ጢሞቴዎስን ግን ራሱ ወስዶ ገረዘው፤ በዚያ አካባቢ ላሉት አይሁድ እንቅፋት እንዳይሆን። ያው ቢላዋ ነው። አንዱ ጋ ሰዎቹ መዳኛ አድርገውት ነበር፣ ሌላው ጋ ለሰው የሚከፈል ፍቅር ሆነ። ሮሜ 14 ላይም ቀን የሚለየውንም የማይለየውንም አትናናቁ ብሎ ነው የተዋቸው። እኔ አሁን ጠዋት ጠዋት በሰዓቴ እጸልያለሁ። አንዳንዴ ያመልጠኛል። ሲያመልጠኝ ማታ ላይ "ዛሬ ጠዋት አልመጣሁም" እላለሁ፣ እናቴን ሳልደውልላት ውዬ ማታ እንደምደውለው። እናቴ በማግስቱ እጥፍ ደውል ብላኝ አታውቅም።

አላነበብኩም_ግን
እሺ፣ አሁን ሁሉንም አነበብኩት። ሥራ ላይ ነኝ፣ ካልኩሌተር ፊቴ አለ። ማቴዎስ 18 ላይ ያለውን ባለዕዳ አሰላሁት።

ጌታው የተወለት እልፍ መክሊት ነው። እልፍ ማለት 10,000። አንድ መክሊት ወደ 6,000 ዲናር። ስለዚህ 60 ሚሊዮን ዲናር። አንድ ዲናር ደግሞ የአንድ ቀን ሠራተኛ ደመወዝ ነው፣ ማቴዎስ 20 ላይ እንዳለው። 60 ሚሊዮን ቀን ስትካፈል አንድም ቀን ሳያርፍ ከ164,000 ዓመት በላይ መሥራት አለበት። ሰውየው ተንበርክኮ ያለው ግን "ታገሠኝ፣ ሁሉንም እከፍልሃለሁ" ነው። ሃሃሃ። ይሄ ሰው ደብተር አለው እላችኋለሁ።

ከዚያ ወጥቶ 100 ዲናር ያለበትን ጓደኛውን አንቆ ያዘ። 100 ዲናር የሦስት ወር ከምናምን ደመወዝ ነው። ትንሽ ገንዘብ አይደለም ለነገሩ፣ እኔም ብሆን እጠይቀው ነበር። ግን 600,000 እጥፍ የተተወለት ሰው ነው። ምናልባት የተተወለት አልመሰለውም ይሆናል። ምናልባት ጊዜ የተሰጠው መስሎት፣ ክፍያ ለመጀመር ይሆናል ያነቀው። ይሄን ማንም ሲሰብክ አልሰማሁም፣ ከራሴ ነው፣ ስህተት ካለው አርሙኝ።

ፊደል_ቆጣሪ
ስህተት የለውም። አንተ ሰውዬ ስምህን ቀይር።

ባለደብተሯ
ሁላችሁንም አነበብኩ፣ አንዳንዱን ሦስት ጊዜ። የካልሲውን ቢሮ ውስጥ አንብቤ መጸዳጃ ቤት ገብቼ ነው ያለቀስኩት።

አንድ ያልነገርኳችሁ ነገር አለ። ደብተሬ ከኋላም ይከፈታል። ከፊት በኩል የኔ ነው። ከኋላ በኩል የሰው ነው። ማን ምን አለኝ፣ ማን በሠርጌ ቀረ፣ ማን ተበድሮ አልመለሰም። በቀን። አብዛኛው ገጽ ታናሽ እህቴ ናት። ከሁለት ዓመት በፊት በተናገረችኝ ነገር ተኳርፈን እስካሁን ከበዓል መልእክት በቀር አንነጋገርም። እኔ ይቅር ብያታለሁ እያልኩ ነበር፤ ለጸሎት ሳይቀር ይዣት እቆማለሁ። ግን ገጹ አለ። ካልኩሌተሩ ላይ ያለኸው ወንድሜ "ክፍያ ለመጀመር ይሆናል" ስትል ደብተሩን ገልብጬ አየሁት። የፊቱ ኤክስ በበዛበት ሳምንት ሁሉ የኋላው ጽሑፍ ይረዝማል። አስተውዬው አላውቅም ነበር።

ደብተሩን አልጣልኩትም፣ ቀጥታ መንገድ እንዳትቆጣኝ። ከፊት በኩል ላለው ገና አልቆረጥኩም፣ ትላንትም ሳላውቀው እስክሪብቶ አንስቼ ነበር። የኋላውን ገጾች ግን ቀደድኳቸው። ከዚያ ዛሬ ጠዋት ደወልኩላት። ምን እንደምላት አላሰብኩም ነበር፣ ስልኩ ሲነሣ ዝም አልኩ።

"ምነው? ማን ሞተ?" አለችኝ።

ማንም አልሞተም አልኳት። ስምሽን ስልኬ ላይ ሳይ ደወልኩ አልኳት፣ ውሸት ነው፣ እሱንም ኤክስ አላደረግኩትም። "ታመሽ ነው እንዴ?" አለች። አዎ፣ ትኩሳት ነበረብኝ፣ አሁን ተሽሎኛል አልኳት። ትንሽ ቆይታ "ቅዳሜ ሥራ የለኝም" አለች።